ትጫወታለች

አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ተጫወቱ እንጂ!» ይል ነበር። ጎንደሬ ነው፤ መቀሌ መጥቶ እናቴን አግብቶ እዚሁ ቢያረጅም ያገሩን ወግ አልተወም። እንግዶቹ ሽበት የወጣባቸው የቢሮ ባልደረቦቹ ስለነበሩ ብይ አምጥተው ይጫወቱ ማለቱ እንዳልሆነ ገና በልጅነቴ ገብቶኛል። አውሩ፣ አትፍዘዙ፣ ቤቱ ቤታችሁ ነው ማለቱ ነበር። ይህን ያህል የማውቀውን ቃል፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ያውም ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ፣ ተሳሳትኩት። በእኔ ስሕተት አንዲት ትንሽ ልጅ ከሐኪም ወረፋ ቀረች።

ከጦርነቱ በኋላ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተፈናቃዮች ሰፍረውበት ስለነበር ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። መቀሌ ሓድነት በሚባለው ሰፈር ለድኻ ቤተሰቦች የሕፃናት ማቆያ ተከፈተ ሲባል ሄጄ ተቀጠርኩ። ማቆያ ይባል እንጂ እናቶቹም በሳምንት ሦስት ጠዋት ከልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ። ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚወራ፣ እንዴት እንደሚዘፈንለት፣ በቆርኪና በባዶ ጣሳ ምን ምን መሥራት እንደሚቻል እናሳያቸዋለን። ሲወጡ ለገንፎ የሚሆን ዱቄት ይሰጣቸዋል። ብዙዎቹ የሚመጡት ለዱቄቱ መሆኑን እናውቅ ነበር፤ እነሱም ማወቃችንን ያውቁ ነበር። እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ በሥራው እስቅ ነበር። ጠጠር ተሸክማ የምትውልን ሴት «ለልጅሽ ዝፈኚላት» ማለት ቀልድ ይመስለኝ ነበር። እያደር ግን አመንኩበት፤ ያመንኩበት ነገር ላይ ደግሞ ደረቅ ነኝ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ቅጽ መጣ። በየልጁ አንድ አንድ የሚሞላ፣ በአማርኛ የተጻፈ የጥያቄ ዝርዝር ነው። አስተባባሪያችን «አንቺ የአማርኛ መምህርት አይደለሽ እንዴ? ለእናቶቹ በትግርኛ አድርጊልን» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ፤ አልዋሽም። በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ብቻዋን ትራመዳለች? ዕቃ ከእጅዎ ትቀበላለች? እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄድና ዘጠነኛው ላይ «ከቤተሰብ ጋር ትጫወታለች?» ይላል። የልጅ ቅጽ ነው፤ ልጅ ደግሞ ከመጫወት ሌላ ምን ሥራ አለው? «ትጻወት ዶ?» ብዬ መለስኩት። በእኛ ትግርኛ ደግሞ ይህን የተጠየቀች እናት የሚታያት ኳስና ብይ ነው፤ ለወሬው ሌላ ቃል አለን። ቅጹን የጻፈችው ሴት ግን አነጋገሯ እንደ አባቴ ነበር። አፏን ፈትታለች ወይ፣ ታወራለች ወይ ማለቷ ነው።

ዘጠነኛው ላይ «አይ» የተባለ ልጅ ስሙ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ «ለሐኪም የሚላኩ» ከሚለው ሥር ይጻፋል። የምን ሐኪም እንደሆነ ቅጹ አይናገርም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሓድነት ውስጥ ፎቅ የሚሠራበት ቦታ ጠጠርና ስሚንቶ ታመላልሳለች፤ አባቷ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ገና ጡት ላይ ሳለች፣ በከተማው መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ፣ ትኩሳት ይዟት ለሞት ደርሳ ነበር። እናቷ ይህን ስትነግረኝ የምትጨርሰው ሁሌም «ተመስገን፣ ሙሉ ልጅ አድርጎ ሰጠኝ» በማለት ነው።

እንደሷ የሚጫወት ልጅ በማቆያው አልነበረም። ባዶ ጣሳዎቹን በልካቸው እየለየች፣ ትልቁን ከታች ትንሹን ከላይ እያደረገች፣ ከራሷ ቁመት በላይ ትደረድራቸዋለች። ሌሎቹ በኳስ ሲጣሉ እሷ ቀና አትልም። አታወራም። በዝምታዋ ግን ማንም አልተጨነቀም፤ አሠልጣኞቹ የጦርነት ልጆች ዝም ሊሉ እንደሚችሉ፣ ፍርሃቱ ሲለቃቸው እንደሚናገሩ ነግረውን ነበር። ከኋላ ሲነኳት ትበረግጋለች፤ እሱንም ለጦርነቱ ሰጠነው። በዚያ ሰሞን ለማንኛውም ነገር ምክንያት ሲጠፋን ጦርነቱ ነበረልን። ቅጹን ስሞላ ዘጠነኛው ላይ «ትጻወት ዶ?» አልኳት እናትየዋን። ጣሳዎቹን በአገጯ አሳየችኝና ሳቀች። «እወ» አለች፣ አዎ። እኔም «ትጫወታለች» ብዬ ጻፍኩ። ደስ እያለኝ ጻፍኩት።

ወደ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ አውሮፕላን አንዳንዴ በማቆያው በላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ያኔ ልጆቹ ያላቸውን ጥለው ምንጣፉ ላይ በደረታቸው ይተኛሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ከአየር ድብደባው ጊዜ ጀምሮ ከእናቶቻቸው የወረሱት ነው። እሷ ብቻ አትተኛም። ሁሉም ተደፍተው እሷ መሐላቸው ቆማ ጣሳዋን ስትደረድር ዐይኔ እንባ እየሞላ «ጀግናዬ» እላት ነበር። ስሟን ትቼ በዚሁ ነበር የምጠራት። ዞራ አታየኝም፤ የጀግና ኩራት ነው እያልኩ እስቅ ነበር።

እናቷ አንድ ጠዋት ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ያዘችኝና እህቴ ብላ ጠራችኝ። «ሓፍተይ፣ ይቺ ልጅ አልታዘዝ አለችኝ። ስጠራት አትመጣም፣ ስጮህባት አትዞርም» አለችኝ። እኔም የተማርኩትን ደገምኩላት። አትጩሂባት፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና በቀስታ አናግሪያት፣ ልጅ በጩኸት ይደነቁራል አልኳት። አዎ፣ ይደነቁራል አልኳት።

ግንቦት ላይ የጆሮ ሐኪሞች በአውሮፕላን መጡ። አንድ ሳምንት ቆይተው በየማቆያው መጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸው የተጻፈ ልጆችን መረመሩ፤ ለሚያስፈልጋቸው የመስሚያ መሣሪያ አደረጉላቸው። ከእኛ ማቆያ አንድም ልጅ አልሄደም። እንዲያውም አስተባባሪያችን «የእኛዎቹ ደኅና ናቸው ማለት ነው» ብሎ ተደሰተ።

ሐኪሞቹ በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው አንዲት የሥራ ልምምድ ተማሪ ተላከችልን። ጎጃም ያደገች፣ ትግርኛ ገና የምትለምድ ልጅ ናት። በሁለተኛው ቀኗ አውሮፕላን አለፈ። ልጆቹ ሲደፉ ክው ብላ ቀረች፤ ቀጥላ ወደ ልጅቷ አየች።

«እትዬ፣ ያቺ ልጅ ለምን አልተኛችም?»

«ጀግና ስለሆነች ነዋ!»

አልሳቀችም። ከመሬት ሁለት ጣሳ አንሥታ በቀስታ ከልጅቷ ኋላ ሄደችና አጋጨቻቸው። እኔ በረገግሁ፤ ሌሎቹ ልጆች ዞሩ። ልጅቷ የያዘችውን ጣሳ ከላይ ለማስቀመጥ በእግሯ ጣት ቆማ ነበር፤ አስቀመጠችው።

ተማሪዋ የልጅቷን ቅጽ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። የአማርኛውን ከእኔ የትግርኛ ትርጉም ጋር አስተያየችና ጣቷን ዘጠነኛው ላይ አሳረፈች። «አይቆጡኝና እትዬ፣ እዚህ ጋ ‹ትጫወታለች› ማለት እኮ ታወራለች ማለት ነው» አለችኝ። ለእኔ አማርኛ ልታስረዳኝ! አንድ አፍታ ተቆጣሁ። ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ መጣብኝ፤ «ተጫወቱ እንጂ!» ሲል። ከልጆቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

የዚያን ሳምንት ያልሄድኩበት ቢሮ የለም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የቀሩትን ልጆች ሁሉ እንደ አዲስ ጠየቅን፤ ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ያወራሉ። ልጅቷን ሆስፒታል ወስጄ ያየቻት ሐኪም በሁለቱም ጆሮዋ የቀራት መስማት ጥቂት መሆኑን ነገረችኝ። መሣሪያው ያኔ ቢደረግላት ኖሮ ሊረዳት ይችል እንደነበር፣ ጆሮ ያልሰማውን አፍ እንደማያወጣው፣ እያንዳንዱ የሚያልፍ ወር ከንግግሯ እንደሚቀነስ ነገረችኝ። መሣሪያው ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ሐኪሞቹ ይመለሳሉ? አይታወቅም። ስሟ ይመዝገብ። አስተባባሪያችን ደግሞ «አይዞሽ፣ ቅጹን እናርመዋለን» አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እሰማ ነበር፤ የእጅም እንደዚያው ነው።

እናትየዋ ሆስፒታል አልነበረችም፤ ሥራ ከቀረች ሌላ ሰው ይያዝባታል። ቢሮ ጠርቼ ልነግራት ፈራሁ መሰለኝ፣ በምሳ ሰዓት ፎቁ የሚሠራበት ቦታ ድረስ ሄድኩ። ከጠጠር ክምሩ ጥግ ተቀምጣ በፌስታል የያዘችውን ዳቦ ትበላ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የጆሮዋን፣ የቃሉን፣ የሐኪሞቹን። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

እሷ ግን ስለ ወረፋው አንድም ቃል አልተናገረችም። ስሚንቶ የደረቀበትን መዳፏን ገልብጣ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ ስትዪኝ ዝቅ አደረግሁ» አለች። «በቀስታ ጠራኋት። አሁንም አልመጣ ስትለኝ ንቃኛለች ብዬ ከኋላዋ ሄጄ መታኋት። አንድ ቀን አይደለም። ሓፍተይ፣ ብዙ ቀን ነው የመታኋት።»

«ለምን እንደምመታት ሳታውቅ ነዋ የምታለቅሰው» አለች። ዳቦውን መልሳ ጠቀለለችው። «አንቺ አስተማሪ ነሽ። ይቅርታ በይልኝ። እኔ በየት በኩል እንደሚነገራት አላውቅም።»

ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚወራ ሌላውን ሳስተምር የከረምኩት እኔ ነኝ። የሥራው ፊሽካ ሲነፋ ተነሥታ ሄደች።

ይህን ስጽፍ ልጅቷ አራት ዓመት አልፏታል። ሐኪሞቹ አልተመለሱም። ተማሪዋ ልምምዷን ጨርሳ እስክትሄድ ድረስ እናትና ልጅን በእጅ ምልክት መጥራትን፣ በእጅ ምልክት መለመንን አስተማረቻቸው። እናትየዋ አሁን ልጇን ከኋላ አትነካትም፤ ዞራ ከፊቷ ትቆማለች። ልጅቷ ግን ዛሬም የእናቷ እጅ ከፍ ሲል ጭንቅላቷን ትከልላለች።

ያኔ የታረመው ቅጽ እስኪመጣ ድረስ ስሟ መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲገባ የድሮውን እንደገና መሙላት ነበረብኝ። ፎቁ ጋ በሄድኩ ማግስት እናትየዋ ከሥራ በፊት መጣችልኝና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ የጻፍኩትን ትቼ «ትዛረብ ዶ?» አልኳት፤ ትናገራለች ወይ። «አይ» ለማለት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። እስክሪብቶዬን አነሣሁና «አትጫወትም» ብዬ ጻፍኩ። ከፊታችን ልጅቷ ጣሳ በጣሳ ላይ እየደረደረች ትጫወት ነበር።