የሰልሳቢል ሁለት ቀበቶዎች

ከነጠላዎቹ መሃል፣ ገመዱ ላይ፣ ሁለት ቀበቶ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ብርቱካንማ። ለበዓል ልትሸምት የመጣች ሴት ቢጫውን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ፣ «መቀነቱ ስንት ነው?» አለች።

«እሱ አይሸጥም እትዬ፤ ለእርግጫ ነው» አለች ሰልሳቢል።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ ሰው ለመጣል ነው።»

ሴትየዋ ሌላ ሳትጠይቅ ሄደች። ከጎን ሱቅ ጠርዝ የሚሰፉት እትዬ እታለም የስፌት መኪናቸውን አቁመው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሰልሳቢል ሸማ ተራ፣ አጎቷ ሱቅ ውስጥ ነጠላ ትሸጣለች። ጠዋት ቴኳንዶ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ጁዶ ትሠለጥናለች። ጁዶ ተጋጣሚን ልብሱን ጨምድዶ መጣል ነው፤ ቴኳንዶ ላይ ግን ልብስ መያዝ ክልክል ነው። እጇ ይህን ልዩነት አልሰማም። እግር በመጣባት ቁጥር የተጋጣሚዋ ኮሌታ መዳፏ ውስጥ ይገኛል። ጨርቅ ሲዳብስ የሚውል እጅ፣ ምን ይደረግ!

ዛሬ ከሰዓት የቴኳንዶ አረንጓዴ ቀበቶ ፈተና አለባት። አሠልጣኟ ማስተር ሀብታሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ ፈተናው ላይ አንዴ ልብስ ከያዘች፣ ከሁለቱ ስፖርቶች አንዱን መርጣ ሌላውን ትተዋለች።

«ሁለቱንም እወዳለሁ እኮ እትዬ!» አለች ሰልሳቢል።

«እስቲ እጅሽን ስጪኝ።» እትዬ እታለም ከቁርጥራጫቸው መሃል አንድ የጥለት ቅዳጅ መርጠው መዳፏ ውስጥ አስጨበጧት። «ጨርቅ ካማረው ይኸው፣ የራሱን ይያዝ!»

ሰዓቱ ሲደርስ ስፌታቸውንም ትተው ወደ ፈተናው ተከተሏት።

አዳራሹ ውስጥ ተጋጣሚዋ ሜሪ ያን ረጅም እግሯን ስታነሳ፣ የሰልሳቢል ክንድ ተወረወረ። እትዬ እታለም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ፣ እጇ ሜሪ ኮሌታ ሥር ደርሶ እንደተጨበጠ ቆሟል፤ ከጣቶቿ መሃል የጥለቱ ጫፍ እንደ ምላስ ብቅ ብሏል። እግሯ ተከተለ፤ የሜሪ ደረት መከላከያ ቧ! አለ።

ፈተናው ሲያበቃ፣ «አልፈሻል» አለ ማስተር ሀብታሙ። ዓይኑ ጥለቱ ላይ አረፈ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ናሙና ነው ማስተር፤ ልቁረጥልዎት?»

ሳቁን መያዝ አቃተው።

ውጭ፣ የጁዶ ሰዓት ደርሷል። ሰልሳቢል እትዬ እታለምን አገላብጣ ሳመቻቸውና በገበያው ተሸካሚዎች መሃል ሽው አለች። ጡጫዋ አሁንም እንደተዘጋ ነው።

«አንቺ! ጣዪው እንጂ፣ እዚያማ መያዝ አለብሽ!» ብለው ጮኹ እትዬ እታለም ከኋላዋ።

ሳትዞር ክንዷን ወደ ላይ አንስታ መዳፏን ከፈተች። ጥለቱ አንዱ ተሸካሚ ጆንያ ላይ አረፈ፤ እሷ በሶማሌ ተራ በኩል ታጠፈች።