ለልጄ የሰጠኋት ንባብ

ይህን ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም። በቤተ ክርስቲያን ለንስሐ ስንንበረከክ ስንቱን ስናዘዝ፣ ይችን አንዷን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል።

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ የሰፈራችንን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምመራውም እኔ ነኝ። ታምራት ታናሽ ወንድሜ ነው። እንደ ብዙው የአገራችን ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሱቁ በረብሻ ተቃጠለ፤ አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ውስጥ ነበር። ታምራት አንድ ቦርሳ ይዞ ተመለሰና፣ ባደግንበት ጊምቢቹ እናታችን ዘንድ ባዶ እጁን መግባት አፍሮ እኔ ቤት አረፈ።

እኛ ዘንድ ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ ሰው ቤት ይሠራል፣ መኪና ይገዛል። የእኔ ወንድም ግን መጋረጃውን ዘግቶ እስከ ቀትር ይተኛል። ጎረቤት "ወንድምሽ አሞታል እንዴ?" ባለኝ ቁጥር መግቢያ ይጠፋኛል። ደግሞ ሲፈጥረኝ ችኩል ነኝ፤ ሰው ተኝቶ ሳይ ደሜ ይፈላል። ክረምቱ ወጣ፣ ታምራት ግን እንደተኛ ነው።

ለምን እንደሚተኛ አላውቅም ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር። በመጣ ሰሞን ራሱ ነግሮኛል። "እትዬ፣ ሲመሽ የጓደኛዬ ድምፅ ይመጣብኛል። እንቅልፍ የሚወስደኝ ሲነጋ ነው" አለኝ። "ጸልይ" አልኩት። አብሬው እንኳ አልጸለይኩም፤ የማርመው የፈተና ወረቀት ነበረኝ።

እራት ቀርቦ፣ ከመቁረሳችን በፊት አንድ ምዕራፍ ማንበብ የቤታችን ልማድ ነው። አንድ ማታ ተራው የመዝሙረ ዳዊት ነበር። እኔ ግን ገልብጬ ሁለተኛ ተሰሎንቄን አወጣሁ፣ ሦስተኛውን ምዕራፍ። ራሴ ላነበው አልደፈርኩም። ለልጄ ሰጠኋት። አጎቷን ከእኔ አብልጣ የምትወድ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ እንደለመደችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለውን አነበበችለት።

ትንሽ እንደቀጠለች "ይበቃል" ብዬ አስቆምኳት። ለምን ይመስላችኋል? ዝቅ ብሎ ያንኑ ሰው እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ወንድም ምከሩት እንደሚል አውቃለሁ፤ አስተምሬዋለሁ። እዚያ እንዳትደርስ ነው ያስቆምኳት። መሥራት የማይወድንና መነሣት ያቃተውን መለየት ይሳነኝ ነበር? አይሳነኝም ነበር። እያወቅኩ አደረግኩት።

ታምራት "አሜን" አለ። ከዚያ ተነሣና "እኔ ጠግቤአለሁ፣ እናንተ ብሉ" ብሎ ወጣ። ቆጮው ገና አልተቆረሰም ነበር። እኛ በላን። እኔም በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ እህል አልቀመሰም። "ውጭ በልቻለሁ" ይለኛል፤ እንዳልበላ ከንፈሩ ይናገራል፤ እኔም ያመንኩ መስዬ አልፋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ደላላ አግኝቶ፣ ሸሽቶ ወደ ወጣበት አገር ተመልሶ ሄደ። በሞያሌ በኩል፣ በዚያ ስንቱን ባስቀረ መንገድ።

ደርሶ ሥራ መያዙን ስንሰማ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እሁድ ጉባኤ ፊት ቆሜ መሰከርኩ። የእግዚአብሔር ቃል ሰነፍ ወንድሜን ከአልጋው አስነሣው አልኩ። ሰው ሁሉ ሃሌ ሉያ አለ፣ እኔም አልቅሼ ወረድኩ። የገዛ ጭካኔዬን የእግዚአብሔር ሥራ ብዬ በሕዝቡ ፊት አቀረብኩ።

አምና ለመስቀል መጣ። ወደ እናታችን ከማለፉ በፊት እኔ ቤት ገባ። ልጄን አቀፈ፣ ሳቀ፣ ተጫወተ። ምግብ ሳቀርብ ግን "ጾም ላይ ነኝ እትዬ" አለና እጁን ዘርግቶ ማዕዱን ባረከልን። በዚያው ቀን ጊምቢቹ ደርሶ እናታችን ቤት ጠግቦ መብላቱን በስልክ ሰማሁ።

ሊወጣ ሲል በር ላይ ይዤው ነበር። "ታምራት፣ ያን ማታ..." አልኩ። አላስጨረሰኝም። ቂም በሌለው ድምፅ "ተይው እትዬ። ቃሉ እኮ እውነት ነው። ጌታ ራሱ ነው የተናገረኝ" አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ከንባቡ ይከፋል።

ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ ያን ማታ ከማዕዱ ያስነሣው አምላክ ይመስለዋል። በዚያ በሚጨነቅበት አገር ሲጸልይ፣ አትብላ ባለው አምላክ ፊት ነው የሚንበረከከው። ይቅርታህን ስጠኝ ለማለት ገና አልበቃሁም። መጀመሪያ ልነግረው የሚገባኝን እዚህ እናንተ ፊት ልለማመደው፦ ታምራት፣ ያን ማታ የተናገርኩህ እኔ ነኝ። ጌታ አልተናገረህም።