ኮድ ሦስት አድርጊኝ

አውቶቡስ ተራ በሸክም እተዳደራለሁ። እጄ ሥራ ሲፈታ የገዛ ቆዳዬን ይልጣል፤ ከጉድጓዱ ብዛት ዝናብ ሲጥል ክንዴ ውሃ ይቋጥራል። አልጋ ያከራዩኝ እትዬ ዘሀራ፣ "ይሄ እከክ ነው። አይደለም የሚል ወረቀት ካላመጣህ አልጋዬን ልቀቅ" አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ክንዴን አገላብጦ አየና፣ "መዝጋቢዋ ኮድ ትስጥህ" አለኝ።

ፊደል ባልቆጥርም ኮድ አውቃለሁ፤ የመኪና ሁሉ ታርጋ ላይ አለ። መዝጋቢዋን፣ "እህቴ፣ ኮድ ሦስት አድርጊኝ፣ የጭነት ነኝ" አልኳት።

ቀና ሳትል፣ "የበሽታ ኮድ ነው ሰውዬ። ያንተ ቆዳ የመላጥ አመል ነው፤ የሚመዘገበው ከቆዳ ሳይሆን ከአእምሮ በኩል ነው" አለች።

"እብድ ልትዪኝ ነው?"

"እጅህ እምቢ አለህ እንጂ አላበድክም። ደግሞ አይጋባም።"

"እሷን በትልቁ ጻፊልኝ።"

እትዬ ዘሀራ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። የኮድ ሦስቱን ነገር ብነግራቸውም አልሳቁም። ግራ ቀኝ አዩና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ከእኔ የባሰ ነው።

"ይቺ ኮድህ" አሉኝ፣ "ስንት ሰው ትጭናለች?"