ለስብሰባ የማይነፋ ጡሩንባ

እኛ ሰፈር፣ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር፣ ሰው ሲሞት በቴሌግራም አይነገርም። ሌላው ሰፈር ይላላክ፤ ስልኩን ዘግቶ ለተኛው ማን ይደርስለታል? እኛ እትዬ ታቢታ አሉን። ማለዳ ዳገቱን ይወጡና ጡሩንባቸውን ደጋግመው ይነፋሉ። ከዚያ የሟቹን ስም፣ የለቅሶውን ቤትና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ያን ቀን ነጋዴው ሱቁን አይከፍትም፤ የመንግሥት ሠራተኛውም ለአለቃው ደውሎ ይቀራል።

ጡሩንባው የባለቤታቸው የጋሽ ግርማ ነበር። ጋሽ ግርማ ሲያርፉ የሚነፋ ሰው ጠፋና ለገዛ ባላቸው ቀብር ራሳቸው ነፉ። እንባቸው እየወረደ ነፉ፤ ድምፁ ሰበር አለ እንጂ ወጣ። "ሴት ደግሞ ጡሩንባ!" ያሉ ነበሩ። "ያውም ጴንጤ!" ያሉም አልጠፉም። እሳቸው ግን ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሲለፍፉ ኖሩ፤ ያሟቸው የነበሩትንም ቀብር ጠሩላቸው። ቀን ቀን ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል አንሶላ ያጥባሉ።

አንድ ሕግ አላቸው፤ ጡሩንባው ለሞት ብቻ ነው። ለሰርግ ተጠይቀው እምቢ ብለዋል። ፓስተራቸው ለኮንፈረንስ ቢለምኗቸው እንኳ "ይቅርታ ፓስተር፣ እርስዎ ማይክ አለዎት" ብለው መልሰዋቸዋል። አንዴ ለዋዛ ከነፋሁት ለሬሳ ተሸካሚ አጣለሁ፣ ነው ነገራቸው።

እንግዲህ ምርጫ መጣ። ባለፈው ጊዜ ሰው ለስብሰባ ይወጣ ነበር! እኔ ራሴ ፀሐይ ላይ ቆሜ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። የሰጡኝ ቲሸርት ዛሬ ወለል መወልወያ ሆኗል። የዚህኛውም የዚያኛውም ፓርቲ ዕጩ ይህን ዳገት አስፋልት ሊያለብስልን፣ ውሃ ሊያመጣልን፣ ጤና ጣቢያ ሊሠራልን ምሎ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ያሸነፈውም አልመጣ፣ የተሸነፈውም አልመጣ። ስለዚህ ዘንድሮ በመኪና እየዞሩ በማይክ ሲጠሩን መስኮታችንን እንዘጋለን። አዳራሽ የሚገባላቸው የራሳቸው አባል ብቻ ነው፤ እሱም ለአበሉ ነው።

ፊልሞን የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። አሁን የአንደኛው ፓርቲ አስተባባሪ ሆኖ ነጭ ጫማ ይጫማል። አንድ ከሰዓት እትዬ ታቢታ ልብስ ሲያሰጡ መጣ። አጥር ለአጥር ስለሆንን ሁሉንም ሰማሁ።

"እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዕጩአችን ሜዳው ላይ ሰፈሩን ያነጋግራሉ። ሰው በማይክ አልወጣ አለን። እርስዎ ቢነፉልን ብለን ነበር።"

"ማን ሞተ?" አሉት።

"ኧረ ማንም አልሞተም፤ ስብሰባ ነው።"

"እንግዲያው በማይካችሁ ጥሩት።"

"ማይኩን ማን ይሰማዋል?"

"እናትህ ሩሀማ ያረፈች ዕለት የነፋሁት እኔ ነኝ። ሜዳው አልበቃ ብሎ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ለምን የመጣ ይመስልሃል? ይህ ጡሩንባ ዋሽቶት ስለማያውቅ ነው።"

ፊልሞን አንገቱን ደፋ። ግን ተልኮ የመጣ ነውና መልሶ ቀና አለ።

"እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው። ይህ ቤት የቀበሌ ነው። ውሉም በጋሽ ግርማ ስም ነው፤ እስካሁን ማንም አልነካዎትም። እምቢ ካሉ ግን ከቤቱ ያስወጡዎታል። ያኔ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።"

ደሜ ፈላ። ባሏ የሞተባትን ሴት በቤቷ ማስፈራራት! እትዬ ታቢታ ግን አልጮኹም፤ ፈሩ። መፍራታቸውንም አልደበቁኝም። "የት እወድቃለሁ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሐዋሳ የቤት ኪራይ ለአንሶላ አጣቢ የሚቀመስ አይደለም።

በማግስቱ አብረን የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደአማኑኤል ቤት ሄድን።

"ንፊ፣ አለዚያ ከቤትሽ ትወጫለሽ ተብያለሁ" አሏቸው እትዬ ታቢታ። "ምን ይሉኛል?"

"ሞት ካለ ንፊ፤ ከሌለ አትንፊ። እኔ ሌላ ሕግ አላውቅም።"

"ሞትስ አለ" አሉ እትዬ ታቢታ።

"ማን ሞተ?"

"ቅዳሜ ሜዳው ላይ እናገራለሁ።"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋቸው። "እንግዲያው ንፊ" አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ጡሩንባው ጮኸ። እንደሚነፋ እያወቅሁ እንኳ ልቤ ድንግጥ አለ። እትዬ ታቢታ ስም አልጠሩም፤ "ሜዳው ላይ ትሰማላችሁ" ብቻ አሉ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። "ማን ነው? ማን ነው?" እየተባባለ ሜዳውን ሞላው። ዕጩው ፊቱ በራ፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ በሕልሙም አላየ።

እትዬ ታቢታ መሐል ሜዳ ቆሙ። ማይክ ቢሰጧቸው አልተቀበሉም።

"የታቦር ሰው! ይህ ጡሩንባ ዋሽቶ አያውቅም፤ ዛሬም አይዋሽም። ካልነፋሽ ቤትሽን እንወስዳለን አሉኝ። እኔም የሞተ ስላለ ነፋሁ። በፓርቲዎችና በመሪዎቻቸው ላይ የነበረን እምነት ሞቷል። በሞቱ የዚህኛውም የዚያኛውም እጅ አለበት። ስንት ዓመት አስታመምነው፤ አልተረፈም። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ቦታውም እዚሁ ነው!"

አንዱ ስቆ እንዳያበላሸው ፈራሁ። ያኔ ጋሽ ወልደአማኑኤል በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ ዕጩው ሄዱና እጁን ጨብጠው "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሉት።

ዕጩው መቼም እጅ መጨበጥ የለመደ ነው፤ ፈገግ ብሎ "አመሰግናለሁ አባቴ" አለ።

ከእሳቸው ቀጥዬ እኔ ጨበጥኩት። ከእኔ ኋላ ሰፈሩ ሁሉ፣ ከቀብር መልስ ሐዘንተኛን እንደምንሰናበተው፣ ተሰልፎ ቀጠለ። "ያጽናዎት።" "እግዚአብሔር ያጽናዎት።" "አላህ ሶብሩን ይስጥዎት።" ነገሩ ሲገባው ፈገግታው ጠፋ፤ እጁን ግን መሰብሰብ አልቻለም። ንግግሩን ሲጀምር ሜዳው ላይ የቀሩት ፊልሞንና ሹፌሩ ብቻ ነበሩ። በሰፈሬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ ፊልሞን ሁለት ሰዎች ይዞ ቤቱን ሊያሽግ መጣ። እትዬ ታቢታ ሥራ አልገቡም፤ ዱካ አውጥተው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጡሩንባው ጭናቸው ላይ ነው።

"እትዬ፣ ይነሡልን" አለ ፊልሞን፣ ዐይናቸውን ላለማየት ወደ አጥሩ እያየ።

"አልነሣም።"

"ትእዛዙ ከላይ ነው።"

"ስማኝ ልጄ። ቤቴን ማሸግ እኔን መቅበር ነው፤ ስለዚህ ለራሴ እነፋለሁ። እኔ ስነፋ ሰው ይመጣል፤ አይተሃል። የላኩህ ሰዎች ግን አንድ ነገር ቢሆኑና ቢጣሩ፣ ማን ይመጣላቸዋል?"

ፊልሞን የማሸጊያውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"እኔም አልመጣም፣ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፤ ሰዎቹንም ይዞ ዳገቱን ወረደ።