ሁሉም የነቁ ቡችሎች

አክስቴ ሰው አታምንም ነበር። የገዛችውን ዳቦ እንኳ መንገድ ላይ ቆማ በእጇ ሳትመዝን ቤት አታስገባም። የምታምነው አባቷ ያቆዩላትን የነጭ ውሾች ዘር ብቻ ነው። ተማሪ ሳለሁ እሷ ዘንድ እኖር ስለነበር፣ የውሾቹ ጥፍር ኮሪደሩ ሲሚንቶ ላይ ቋ ቋ ሲል ዛሬም አንዳንድ ጠዋት የምሰማ ይመስለኛል።

ዘሩ ከጥቂት ውሾች የተራባ ነው። ከዘሩ ውጭ ለማዳቀል የአርቢዎቹን ማኅበር አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ አክስቴ ደግሞ ፈቃድ የጠየቁትን ሁሉ “ደም አደፍራሾች” ትላቸው ነበር። የእሷ ውሾች እርስ በርስ ሲዋለዱ ኖረው ከየወሊዱ ግማሹ ደንቆሮ ሆኖ ይወጣ ጀመር። ደንቆሮ ቡችላ አይመዘገብም፣ አይሸጥም፤ ሐኪሙ በመርፌ ይገላግለዋል። በካርቶን ይዞ የሚሄደው የአክስቴ ባል ነበር፣ ጡረታ የወጣ ዝምተኛ አናጢ። ሲመለስ ካርቶኑን አጣጥፎ አልጋ ሥር ይከትና ምሳ ሳይቀምስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

ደንቆሮውን የምትለየው በድስት ክዳን ነው። ቡችሎቹን እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ ከበሩ ጀርባ ሆና ክዳኑን በማንኪያ ትመታለች። መሬት አትጥለውም፤ ደንቆሮው በወለሉ ንዝረት ይነቃና ያታልላል። “ቡችላም ያጭበረብራል” ትል ነበር።

በዚያ ዓመት ከአባቷ መስመር የቀረችው አንዲት ያረጀች እናት ብቻ ነበረች። ማኅበሩ ከመረጠው ወንድ ጋር አገናኝታት ስትመለስ ወደ ጓሮ በር ባለው የውሾቹ ክፍል ዘጋችባት። በማግስቱ ጠዋት የጓሮው በር መቀርቀሪያ ተስቦ አገኘችው።

“ማነው የከፈተው?”

“ነፋስ ይሆናል” አለ ባሏ።

“ነፋስ መቀርቀሪያ መሳብ ከመቼ ወዲህ ተማረ?”

ከዚያ ወዲያ ስለ በሩ በጠየቀችው ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። “ጆሮዬ ከብዷል፣ እኔም እንደ ውሾችሽ ሆኛለሁ” ይላል።

ቡችሎቹ ተወልደው ጆሯቸው የሚፈተንበት ቀን ደረሰ። ክዳኑ ጮኸ፤ ሁሉም ብድግ አሉ። የአክስቴ ፊት ጠቆረ።

“ደስ አይልሽም?” አልኳት።

“በዚህ ቤት ሁሉም ሰምቶ አያውቅም።”

አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳች ጆሯቸውን ገለበጠች። አንዷ ከጆሮዋ ጀርባ ምስር የምታክል ቡናማ ነጥብ አላት። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጋራዥ ደግሞ አንድ ጆሮው ቡናማ የሆነ ነጭ ክልስ ውሻ ነበረው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

“ውሻህ አጥር ይዘላል?” አለችው መካኒኩን።

“ይሄ? እንኳን አጥር ጎማም አይዘልም። በር ከተከፈተለት ግን ሰተት ነው።”

ስንመለስ ባሏን ረጅም ጊዜ አየችው። እሱ መዶሻውን አንስቶ የሚመታ ምስማር ፍለጋ ወጣ።

የማኅበሩ መዝጋቢ መጣ። ቡችሎቹን መረመረ፣ ነጥቧንም አየ። “ይቺ ነጥብ አልፎ አልፎ በንጹሑም ዘር ትወጣለች። ማኅበሩ የመረጠውን አባት ልጻፍ?”

“ቆይ” አለች አክስቴ። “እኔ እጠረጥራለሁ። በሩ ተከፍቶ አድሯል።”

“እትዬ፣ ማን ጠየቀሽ?” አለ ሰውየው ብዕሩን አንስቶ።

“ሰውን ሁሉ ደም አደፍራሽ ስል ኖሬ ዛሬ እኔው ልዋሽ?”

ሰውየው ተነፈሰ። “እንግዲህ ብለሽዋል። የውጭው አባት ከታወቀና ከተመረመረ ቅጣት ከፍለሽ ክልስ ተብለው ይመዘገባሉ፤ ከአራት ትውልድ በኋላ ዘራቸው ወደ ንጹሑ ይመለሳል። አባቱ ካልታወቀ ግን የትም አይገቡም። የአባትሽ መስመርም እዚሁ ያበቃል።”

አክስቴ ባሏን አላየችውም፤ ቡችሎቹን ነበር የምታየው። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ።

“የጋራዡ ነው” አለ። “በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ሰልችቶኝ ነው።”

“ሁለቱ ሲገናኙ በዓይንዎ አይተዋል?” አለ መዝጋቢው።

“በሩን ይዤ ቆሜ ነበር።”

አክስቴ አልተቆጣችም። መዝጋቢው መካኒኩን ፍለጋ ሲወጣ ግን ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች። ባሏ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ከቡችሎቹ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ከኋላው ክዳኑ ሲጮህ እሱም ቡችሎቹም እኩል ደነገጡ።

“ትሰማለህ” አለችው። ከዚያም አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ካርቶኑን አወጣችና፣ ቀዳድዳ በምድጃው ማገዶ ላይ ጨመረችው። ለጓሮው በር ያስገጠመችውን አዲስ ቁልፍ ግን እስክትሞት ድረስ አንገቷ ላይ አሰረችው።