ድንጋይ የያዙ እጆች

ባለቤቴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ውሻችንን ማሰር ነበር። ጎባ ባለው ሰፈራችን ውሾች ተማሪዎችን እየነከሱ ስላስቸገሩ፣ ሽማግሌዎች ቀን ቀን ሁሉም ውሻውን እንዲያስር አስማምተውናል። እኔ የውሻውን አንገት ይዤ፣ እሱ ገመዱን እየቋጠረ፣ በብርዱ ተነጫነጭን። ከዚያ በር ላይ ቆሞ የሚያልፉትን ልጆች እጅ እጃቸውን አየ። ግማሾቹ ውሻ ፈርተው አሁንም ድንጋይ ይዘዋል።

«ድንጋዩን ሲጥሉ ነው ስምምነቱ ሠራ የሚባለው» አለኝ። ከቀትር በኋላ ልቡ ቆመ።

ይህን ያለው ዕድሜውን በኑክሌር መሣሪያ ቅነሳ ድርድር የፈጀ ሰው ነው። የአገር ልዑክ ሆኖ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲዞር ልጃችንን ብቻዬን ወለድኩ። ሲመለስ «እንዴት ነበር?» እለዋለሁ።

«ጥሩ ነው፤ እንደገና ልንገናኝ ተስማማን።»

ይህን መልስ እጠላው ነበር። አሁንም እጠላዋለሁ።

ለአርባው ከአዲስ አበባ የመጣ የሥራ ባልደረባው ድንኳኑ ውስጥ ተነሥቶ፣ «ወንድማችን ድርድሩ ተሳክቶለት ያለፈ ሰው ነው» አለ።

«ስንት ቦምብ ቀነሰ?» አልኩት ከተቀመጥኩበት።

«እትዬ፣ እንዲህ አይለካም። ስንትና ስንት አገር በአንድ ሰነድ ተስማምቷል። ድርድሩ አለመቋረጡ ራሱ ድል ነው።»

«ቦምቡ ያላቸውስ?»

«እነሱማ… ሌላው ይጀምር ነው የሚሉት።»

«እኛም ሰፈር እንዲህ የሚል ነበር። ውሻው የሰው ልጅ ነከሰ።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ «አዴ፣ እንግዳ ነው፤ ይተዉት» አሉኝ።

አልተውኩትም። «ድካሙን ተናገር፤ እውነት ነው። ተሳካለት ግን አትበል። እሱ ራሱ ያላለውን ከሞተ በኋላ አታሸክመው።»

ሰውየው ንግግሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ። ምግብ ቀምሶ ወደ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ አልሸኘሁትም።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ጎረቤት ውሻውን ፈቷል። «እርስዎም ይፍቱት እንጂ፤ ብቻዎን ነዎት፣ ሌባ ይደፍርዎታል» ይለኛል። ባለቤቴ በዞረባቸው አዳራሾችም የሚባለው ይኸው ነው።

ቋጠሮው እንደ ባለቤቴ አይጠብቅልኝም። ቢሆንም በየጠዋቱ ውሻዬን አስራለሁ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ የልጆቹን እጅ አያለሁ።