ማንም ማንንም የማያውቅበት ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጠን ልጄ ማህሌት አዲስ ስልክ ታስለምደኝ ነበር። እኔ የድሮው ባለ ቁልፉ ይበቃኝ ነበር፤ እሷ ግን "እማዬ፣ ጡረታ ወጣሽ እንጂ ሞትሽ እንዴ?" ብላ አልሰማችኝም። ስሜን ሞልታ፣ ፎቶዬን ለጥፋ ስትጨርስ ስልኩ በገዛ ፈቃዱ የሰው ፊት ይደረድር ጀመር። "ምናልባት የሚያውቋቸው ሰዎች" ይላል። ወይ ጉድ! ማን ጠየቀህ? አንድ በአንድ ስታሳልፋቸው ነጠላ የለበሱ፣ ፊታቸው ሞላ ያለ አሮጊት ብቅ አሉ።

"እኚህን ታውቂያቸዋለሽ?" አለችኝ።

"አላውቃቸውም።"

አፌ ቀደመኝ። ወይዘሮ አስቴር ነበሩ፤ በደንብ አድርጌ አውቃቸዋለሁ። ማህሌት ወደሚቀጥለው አለፈች፤ እኔ ግን ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ቀረሁ። ይህቺን መልስ የት እንደተማርኳት ላውራችሁ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔም ገና ወጣት ነኝ። ሒሳብ ተምሬ በጥሩ ውጤት ብመረቅም የሚመድበኝ አልተገኘም። ታላቅ ወንድሜ አንድ ማለዳ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ በሱዳን በኩል ወጣ ተባለ። ይህ ነገር የኔ ፋይል ውስጥ ሳይገባ አልቀረም መሰለኝ፣ አብረውኝ የተማሩት ሁሉ ሥራ ሲይዙ እኔ ጉርድ ሾላ አባቴ ቤት ተቀምጬ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ጠባቂ ሆንኩ። ስኳር መጣ ሲባል እሮጣለሁ፣ ሳሙና መጣ ሲባል እሮጣለሁ። አባቴ ጡረተኛ ናቸው፤ ከእኔ በታች ደግሞ የሚበሉ እንጂ የሚያመጡ አልነበሩም።

አንድ ቀን የድሮ አስተማሪዬ ጋሽ ወልዴ ሰው ላኩብኝ። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ በነበረ አንድ ተቋም ውስጥ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነው ነበር። ዲስክሪት ማቲማቲክስ የሚያስተምር ሰው በመሀል ትምህርት ጎድሎባቸዋል። ለማያውቀው ሰው፣ ኮምፒውተር የሚቆምበት ሒሳብ ነው፤ አዎና አይደለም፣ ነጥብና መስመር።

"ጊዜያዊ ቅጥር ነው፤ ለአንድ መንፈቅ። ለጊዜያዊ ሰው ብዙ አይጠይቁም" አሉኝ። ወንድሜን ያውቁ ስለነበር ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

"ከእኔ በፊት የነበረው መምህርስ የት ሄዶ ነው?"

ጋሽ ወልዴ ተነስተው መስኮቱን ዘጉ። "ጠመኔው መሳቢያው ውስጥ ነው" አሉኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

ፊርማው ግን በተቋሙ ካድሬ በጓድ ተፈራ እጅ ነበር። ቀጭን ሰው፣ ካኪው በደንብ የተተኮሰ፣ ሲያዳምጥ እርሳስ የሚያሽከረክር። "ይኼ ትምህርት ፖለቲካ አለበት?" አለኝ። የለበትም አልኩት። "ሁሉም ነገር ፖለቲካ አለበት፣ ጓዲት" አለና ፈረመ። "መንፈቁን እናይሻለን። ደህና ከሆንሽ ቋሚ እናደርግሻለን።" ቋሚ የምትለዋን ቃል እስከ ቤት ድረስ በአፌ ይዣት ሄድኩ።

ተማሪዎቼ ከሥራ መልስ የሚማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ኮሪደሩ ላይ ሳቃቸው ይሰማኛል፣ በሩን ስከፍት ጸጥ ይላል። እውነታቸውን ነው። በመሀል ትምህርት የመጣች፣ ማን እንደላካት የማይታወቅ፣ ያውም ጊዜያዊ! ጆሮ ጠቢ ናት ብለው ቢያስቡ ምን ይፈረድባቸዋል? እኔም ብሆን አላመንኳቸውም። አብዝቶ የሚጽፈውን እጠረጥራለሁ፣ ምንም የማይጽፈውንም እጠረጥራለሁ። ወደ ቤቴ የምመለስባት ታክሲ ስሟ ውይይት ነበር፤ ፊት ለፊት ተያይተን እንቀመጥባታለን፣ መገናኛ እስክንደርስ ግን አንድ ቃል የሚተነፍስ የለም። ውጭው ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል፣ ሁላችንም መስኮት መስኮቱን እናያለን።

ከክፍሉ ልቤ የወደዳቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ አቶ በላቸውና ወይዘሮ አስቴር። አብረው ይመጣሉ፣ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ በመሀላቸው የቆሎ ከረጢት ያስቀምጡና ጠመኔ ይዤ በዞርኩ ቁጥር ቀርጠፍ ቀርጠፍ ሲያደርጉ ይሰማኛል። የገብስ ቆሎ ነው፤ ሱፍ ጣል ጣል ያለበት።

ታዲያ አንድ ቀን ግራፍ ወደሚባለው ምዕራፍ ደረስን። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ምሳሌ ስለ ግብዣ ነው። እንግዶቹ ነጥብ ይሆናሉ፤ የሚተዋወቁ ሁለት እንግዶች በመስመር ይያያዛሉ። እኔ ሞኟ ምሳሌውን የኛ ላድርገው ብዬ የፈረንጆቹን ስም ተውኩና የተማሪዎቼን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ጠመኔዬን ይዤ፣ ፈገግ ብዬ፣ "እስቲ፣ ማን ማንን ያውቃል?" አልኩ።

ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።

በዚያ ዘመን፣ በዚያች ከተማ፣ እንግዳ ሰው ሰሌዳ ላይ ስም ጽፎ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ሲጠይቅ! ምን እንዳደረግኩ አልገባኝም። እንዲቀልላቸው ብዬ ከምወዳቸው ጀመርኩ።

"ወይዘሮ አስቴር፣ እርስዎ ማንን ያውቃሉ?"

"ማንንም" አሉ።

"አቶ በላቸውንስ?"

ወይዘሮ አስቴር ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "አላውቃቸውም" አሉ።

"አቶ በላቸው፣ እርስዎስ?"

"እሳቸውን? አላውቃቸውም።"

የቆሎው ከረጢት አፉን ከፍቶ በመሀላቸው ተቀምጧል። አንድም ሰው አልሳቀም። ያኔ ገባኝ። የቀረውም ሳልጠይቀው በየተራ አላውቅም፣ አላውቅም አለ፤ ሰሌዳው ላይ ስም ብቻ፣ አንድ መስመር የለም። ጠመኔዬን አስቀምጬ "ይህ ባዶ ግራፍ ይባላል" አልኩና ትምህርቱን ጨረስኩ። ሌላ ምን ልበል?

በማግሥቱ ጓድ ተፈራ አስጠራኝ። ቀድሞ ሰምቷል። ማን እንደነገረው ያን ቀንም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም።

"ጥሩ ሥዕል ነው፣ ግን መስመር ጎድሎታል አሉ" አለኝ እርሳሱን እያሽከረከረ። "አንቺ ዓይን አለሽ። ማን ከማን ጋር ይመጣል፣ ማን ከማን ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ታያለሽ። ሞልተሽ አምጪልኝ። የቋሚ ቅጥርሽን ነገር ያን ጊዜ እንጨርሳለን።"

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ" አሉኝ። ግን እኮ ዝም ማለቱ ቀርቶብኝ ነበር፤ ወረቀት ነው የተጠየቅኩት። ባዶውን ብሰጠው ደብቀሻል ይለኛል፤ ያየሁትን ብሞላ የሰው ቤት አፈርሳለሁ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። የሥራውም ነገር አጓጓኝ። እርሳስ ይዤ ስም በስም ሳይ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ምንም የማይናገር ግራፍ ባዶው ብቻ አይደለም። ሁሉንም ከሁሉም ጋር አያያዝኳቸው። ከዚያ አንድ ነጥብ ጨመርኩ።

ጓድ ተፈራ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። "ይኼ ምንድን ነው? የዓሣ መረብ ነው እንዴ?"

"ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፣ ጓድ። በየሳምንቱ እርስዎ በሚመሩት የውይይት ክበብ አብረው ይቀመጡ የለ?"

"ይህቺስ ከላይ ያለችው ነጥብ?"

"እርስዎ ነዎት። ሁሉም ያውቅዎታል፤ እርስዎም ሁሉንም ያውቃሉ።"

ወደ ስሙ የሚመጡትን መስመሮች ሲያይ እርሳሱ ቆመ። ለካስ እሱም የሚፈራው አለው! "ይኼን ሌላ ሰው አይቶታል?" አለኝ በቀስታ። ማንም አልኩት። አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በሩን በአገጩ አሳየኝ። ስለ ቋሚ ቅጥር ዳግመኛ ያነሳ የለም።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ግራፍ ያለ ስም ሰሌዳው ላይ ሣልኩት። "ሙሉ ግራፍ ይባላል" አልኩ። "ይህን ያየ ሰው፣ ማን ለማን እንደሚቀርብ መናገር ይችላል?"

"አይችልም" አሉ አቶ በላቸው።

"ለምን?"

"ሁሉም እኩል ነዋ።" ይህን ካሉ በኋላ ረዘም አድርገው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ክፍሉ ሲበተን ወይዘሮ አስቴር በጠረጴዛዬ በኩል አለፉና እጄን ከፍተው አንድ ጭብጥ ቆሎ ጨመሩልኝ።

ከዚያ ወዲያ አልተያየንም። እኔ ተመልሼ ሰልፌን ያዝኩ፤ ቆይቶ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀብሎኝ ጡረታዬ ድረስ እዚያው አስተማርኩ። የሚቆጨኝ እሱ አይደለም። የሚቆጨኝ ከዚያ ክፍል አንድ መስመር ወደ ቢሮው ይሄድ ነበረና፣ ያን መስመር ስፈልግ መኖሬ ነው። በሐሳቤ ያልከሰስኩት ተማሪ የለም። ባልና ሚስቱን እንኳ አልማርኳቸውም። እነሱስ በሐሳባቸው እኔን ምን ሲሉኝ ኖረው ይሆን?

ካፌው ውስጥ ማህሌት ሂሳብ ልትከፍል ስትነሳ ስልኩን አነሳሁና ባልለመደ ጣቴ ወደ ኋላ ፈለግኩ። ወይዘሮ አስቴር እዚያው አሉ። ጆሮ ጠቢዋ እሳቸው ይሁኑ፣ አይሁኑ፣ ማወቁ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልኛል ብዬ ፎቷቸውን ተጫንኩት። "ዲስክሪት ማቲማቲክስ ያስተማርኩዎት ነኝ፤ ያውቁኛል?" ብዬም ጻፍኩ፤ ይህችን ለመጻፍ የፈጀብኝን ጊዜ አትጠይቁኝ።

መልሱ የመጣው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው።

"አላውቅዎትም፣ መምህርት" ይላል። "አጠገቤ ተቀምጠው ቆሎ የሚበሉት ሽማግሌም፣ እሳቸውንም አላውቃቸውም፣ ሰላም በይልኝ ይላሉ።"